የኮርኒሱ ቀለበቶች

በእናቴ ቤት በረንዳ ኮርኒስ ላይ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ። ከቀለበቶቹ ሰንሰለት ይወርዳል፤ በሰንሰለቱ ጫፍ ሁለት ሰው በደንብ የሚያስቀምጥ፣ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር ተንጠልጥሏል። ጎረቤት ለቡና ሲጠራ መጀመሪያ የሚያየው ወንበሩን ነው። ቀጥሎ ወደ ኮርኒሱ ያንጋጥጥና «ይችላል እንዴ?» ይላል። እናቴም ስኒዋን ሳታስቀምጥ «እሱን ልጄን ጠይቁት» ትላለች። እኔም በተጠየቅሁ ቁጥር «ይችላል» ብዬ ዝም እላለሁ። ረጅሙን መልስ ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅምና እነሆ ልጽፈው ተቀመጥሁ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ እህቴ ከአሜሪካ መጣች። ዲቪ ደርሷት ከአገር የወጣችው በ2006 ዓ.ም. ነበርና ዐሥራ አንድ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት። ሄዳ አግብታለች፤ ወልዳለች። ባለቤቷን ሥራ ስለያዘው የአምስት ዓመት ልጇን ብቻ አስከትላ ገናን ከእናታችን ጋር ልታሳልፍ መጣች። ልጅቱ አማርኛ ትናገራለች፤ «ጠ»ንና «ቀ»ን ብቻ ትኩስ ነገር እንደ ጎረሰ ሰው በአፏ ታገላብጣቸዋለች። ሻንጣው ከታክሲ ሳይወርድ ግቢውን ዞረች፤ ዶሮዎቹን ቆጠረች፤ በረንዳው ላይ ወጣችና አንጋጥጣ «እማማ፣ ዥዋዥዌያችሁ የታለ?» ስትል ጠየቀች።

ጥያቄዋ ከወዴት እንደ መጣ ልንገራችሁ። እህቴ የምትኖረው በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ ከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ነው። የተከራዩት አሮጌ የእንጨት ቤት ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ አለው፤ ከበረንዳው ጣሪያ ላይ አግዳሚ ወንበር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። በአሜሪካ ደቡብ ይህ ብርቅ አይደለም። ማቀዝቀዣ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የበጋው ወበቅ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ሲል፣ ሰዉ ሁሉ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ይወጣ ነበር፤ የሚወዛወዝ ወንበር ደግሞ ነፋስ በሌለበት ነፋስ ይፈጥራል። በጆርጂያና በሳውዝ ካሮላይና የባሕር ጠረፍ የሚኖሩት፣ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱት ሰዎች ዘሮች የሆኑት ጉላ ጊቺዎች፣ የበረንዳቸውን ኮርኒስ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀለም የመቀባት ልማድ አላቸው፤ ክፉ መንፈስ ውሃ መስሎት አይሻገረውም ይባላል። ይህን ከእህቴ አፍ ስሰማ፣ ወደ በረንዳ ኮርኒስ እያየሁ ክፉ የማስበው እኔ ብቻ አለመሆኔን ተረዳሁ።

ለልጅቱ እንግዲህ በረንዳ ማለት ዥዋዥዌ ነው። ዥዋዥዌ የሌለው በረንዳ ምጣድ የሌለው ማድ ቤት ማለት ነው።

ስትጠይቅ በረንዳው ላይ አራት ነበርን። ከእርሷ በቀር ሦስታችንም ዝም አልን። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። እህቴ የሻንጣዋን መንኰራኵር ጎንበስ ብላ ማየት ጀመረች። እኔ ወደ ኮርኒሱ አየሁ። እዚያ፣ ከግራው ጥግ ሁለት ክንድ ያህል ገባ ብሎ፣ ቀለሙ ከሌላው ጋር ያልተስማማ አንድ ልጥፍ ሰሌዳ አለ። ቤቱ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፤ ልጥፉ ግን በየቀለሙ ውስጥ እየታየ ይወጣል።

በ1993 ዓ.ም. ክረምት እኔ የዐሥራ አንድ፣ እህቴ የስድስት ዓመት ልጆች ነበርን። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ከበረንዳ አያስወርድም። የሰፈሩ ልጆች በበጋ ዥዋዥዌ የሚሰቅሉት ከዛፍ ላይ ነበር። እኛ ግቢ ግን ከጌሾ ቁጥቋጦ በቀር ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። (ዥዋዥዌ! ይህ ቃል ራሱ ሲናገሩት ይሄዳል፣ ይመጣል። «ዥው ያለ ገደል» የምንለውም በዚያው ድምፅ መሆኑን ልብ ያልሁት ብዙ ቆይቼ ነው።) ቢጫ የናይለን ገመድና የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ጣውላ አገኘሁ። ዛፍ ሲጠፋ ወደ ላይ አየሁ።

ያን ጊዜ ኮርኒስ ምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ሰው ከሥሩ ሆኖ ሲያየው ጠንካራ ነገር ይመስለዋል። የእኛው ቺፕውድ ነበር፤ በሙጫ ተለውሶ የተጋገረ የእንጨት ፍርፋሪ ማለት ነው። ከጎረቤቶቻችን የአንዳንዶቹ አቡጀዲ ተወጥሮበት በቀለም የደረቀ ነበርና የእኛ እንደ ክብር ይቆጠር ነበር። ቺፕውዱ የተመታው በቀጫጭን ሞራሌዎች ላይ ነው፤ ሞራሌዎቹ ደግሞ ከሥር ወደ ላይ በተመቱ ሚስማሮች ጣሪያውን ከተሸከሙት እንጨቶች ጋር ተያይዘዋል። ከእነዚህ መካከል ሸክም ለመሸከም ታስቦ የተሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው። እኔ ሁለት ቀዳዳ በስቼ ገመዴን ያዞርሁት በሞራሌው ላይ ነበር።

ግዴለሽ ነበርሁ እንዳትሉኝ። ፈትኜዋለሁ። ከማድ ቤት ሩብ ኩንታል ጤፍ ጎትቼ አምጥቼ ጣውላው ላይ አስቀመጥሁት፤ ከእህቴ ይከብድ ነበር። ቻለ። ጤፉን አውርጄ እህቴን አስቀመጥኋት። እርሷንም ቻለ። ከዚያ በኋላ ነው መግፋት የጀመርሁት።

«ጨምር! ወንድም ጋሼ፣ ጨምር!» ትል ነበር። እኔም ጨመርሁ። ስትስቅ መስማት ደስ ይለኝ ነበርና ደግሜ ጨመርሁ። ሚስማር ከጎን የመጣበትን ይችላል፤ ወደ ታች ሲስቡት ግን በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ሞራሌው ከነቺፕውዱ ወረደ። እህቴ በረንዳው ጠርዝ ሲሚንቶ ላይ በግራ ክርኗ አረፈች።

ወጌሻ ተጠራ፤ አሽቶ በቀርቀሃ አሰራት። አጥንቱ ገጠመ፤ ክርኗ ግን እስከ ዛሬ ቀጥ አይልም። እጇን ወደ ላይ ስታነሣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ይላል። አባቴ ማታ ከሥራ ሲመለስ ዱላ ጠብቄ ነበር። አልመታኝም። ወንበር ላይ ቆሞ ቀዳዳውን በሻይ ሣጥን ሰሌዳ ለጠፈውና ሲወርድ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ኮርኒስ እኮ ለዓይን ነው፤ ለሸክም አይደለም።» አባቴ በ2001 ዓ.ም. ዐረፈ። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ ተነጋግረን አናውቅም፤ ከእናቴም ጋር፣ ከእህቴም ጋር። ሃያ አራት ዓመት «ይቅርታ» የምትለዋን ቃል ይዤ ዞርሁ። ስለ ብዙ ነገር ግጥም ሞክሬያለሁ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ማላውቃቸው ሴቶች። ስለ ክርኗ አንድ ስንኝ ልጽፍ አልቻልሁም። አንድ ጊዜ ኮርኒሱን ሰም፣ ከላይ ያለውን ወራጅ ወርቅ አድርጌ ልቀኝ ተነሥቼ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ በራሴ አፍሬ ቀደድሁት።

ወደ 2017ቱ ታኅሣሥ ልመለስ። እንግዶቹ በገቡ ማግስት ልጅቱ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና «አጎቴ፣ እማዬ የወደቀችበት ዛፍ የትኛው ነው?» አለችኝ።

«የትኛው ዛፍ?»

«እጇ የተሰበረበት። በጣም ትልቅ ዛፍ።»

የጌሾውን ቁጥቋጦ አየሁት። ቁመቱ ከወገቤ እምብዛም አይበልጥም። «ተቆርጧል» አልሁ። ከእህቴ ውሸት ላይ የራሴን ጨመርሁበት ማለት ነው።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እህቴ እውነቱን ያልነገረቻት ለምንድን ነው? ልጇ ዥዋዥዌ እንዳትፈራ ነው? ወይስ አጎቷን እንዳትፈራ? ሁለተኛው የባሰ መስሎ ተሰማኝ። ሲነጋ እናቴ የማድ ቤቱ ደፍ ላይ አገኘችኝና «ስቀልላት» አለችኝ፤ ምኑን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም።

«እማዬ፣ ኮርኒሱ አይችልም።»

«ኮርኒሱን ማን ጠየቀው?» አለችና ውሃዋን ይዛ ገባች።

ከባንኩ የአምስት ቀን የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ ለገና ገበያ መስሎት «በጉን ቀደም ብለህ ግዛው» ብሎ ፈረመልኝ።

አናጢ ፈለግሁ። ከአንድም ሁለት ወጣቶች መጥተው፣ ቀና ብለው አይተው፣ «በሁለት ሰዓት እንጨርስልሃለን» አሉኝ። ሸኘኋቸው። የመጀመሪያው ሥራ በሁለት ሰዓት ነበር ያለቀው። ሦስተኛው የሰፈራችን አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ለልጆቻቸው ካስረከቡት ሥራ የቀራቸው መታዘብ ብቻ ነው። ቡና ጠጡ፤ ከዚያ ኮርኒሱን ሳያዩ «ማን ነው የሚቀመጥበት?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «አንተስ?» አሉ። «እኔ አልቀመጥም» አልሁ። አዩኝና ምንም አልተናገሩም።

የአባቴን ልጥፍ ፈትተን ኮርኒሱን ከዚያ ጀምሮ ከፈትነው። ከቤቱ ግድግዳ ወደ ደጅ የተዘረጉ አምስት የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች ታዩ፤ እንደ ክንዴ የወፈሩ፣ አቧራ የለበሱ። ሽማግሌው በመዶሻው እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ አደረጓቸው። ሐኪም የደረት ድምፅ እንደሚያዳምጥ ነበር የሚያዳምጡት። ሦስቱ ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጡ። ሁለቱ ግን እንደ ባዶ ሣጥን አስተጋቡ። ሴንጢያቸውን አውጥተው በአንደኛው ላይ፣ ወደ ግድግዳው በተጠጋው በኩል ሰካ ሲያደርጉት እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ምስጥ ነው። ቅርፊቱን ሳይነካ ውስጡን ጨርሶታል። ከሥሩ ስንት ዓመት ቡና ጠጥተናል!

የባንክ ሰው ስለሆንሁ ይህ አላስገረመኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግን አላስደነቀኝም። የብድር ክፍል ውስጥ ስሠራ ፊቱ በእብነ በረድ ያሸበረቀ፣ ጀርባው የተሰነጠቀ የመያዣ ቤት ፎቶ ስንት ጊዜ እጄ ገብቷል። ለዚህም ነው አንድ ሰው ያዘጋጀውን ሌላ ሰው ካላየውና ካልፈረመበት ገንዘብ ከካዝና የማይወጣው። ገንዘብ ቆጣሪ በራሱ ቆጠራ እንዲያምን አይፈቀድለትም። በዐሥራ አንድ ዓመቴ ሥራዬን የሚያይልኝ ሁለተኛ ፈራሚ አልነበረኝም።

ሽማግሌው አንድ ወረቀት ጠየቁኝና መደመር ጀመሩ። ወንበሩ ሠላሳ አምስት ኪሎ። እናቴ ስድሳ። እህቴ ሰባ። ልጅቱ ዐሥራ ስምንት። ወደ መቶ ሰማንያ አምስት ኪሎ መጣ። «ይህ ቁጭ ሲሉ ነው» አሉ። «ሲሄድ ሌላ ነው።» እኔም በዚህ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክሴን አስታወስሁ። የሚወዛወዝ ነገር ከሁሉ የሚከብደው ወደ ታች ደርሶ ሲያልፍ ነው፤ ከቁልቁል መስመሩ ስድሳ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ተስቦ ከተለቀቀ በዚያች ቅጽበት ገመዱ የሚሸከመው የክብደቱን እጥፍ ነው። ገመዱ አግድም እስኪሆን ከፍ ብሎ ከተለቀቀ ሦስት እጥፍ። የበረንዳ ወንበር ያን ያህል አይወጣም፤ የሕፃን ዥዋዥዌ ግን ይወጣል። እንግዲህ ሩብ ኩንታል ጤፌ ያልነገረኝ ይህን ነበር። ጤፍ አይስቅም፤ «ጨምር» አይልም። ቁጭ ስትል የቻላት ሞራሌ የከዳት በግፊቴ ነው። ይህን በልቤ ሁልጊዜም አውቀው ነበር፤ በወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፎ ሳየው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

የነበሩትን አግዳሚዎች ትተን አዲስ ተሸካሚ ልናስገባ ተስማማን። ሽማግሌው ከፈረሰ ቤት የወጣ የጥድ እንጨት አፈላልገው አመጡ፤ ጥድን ምስጥ አይደፍረውም። ዐሥር በዐሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፤ ሰፊው ጎኑ ቆሞ እንዲገባ። እኔ በየዋህነት አንዱን ጫፍ በግድግዳው ውስጥ ልናስገባው ስል «ጭቃ ሸክም አይወድም፣ ልጄ» አሉኝ። በግድግዳው በኩል ራሱን የቻለ ቋሚ አቆምን፤ በደጅ በኩል የነበረውን የበረንዳ ምሰሶ ፈትሸው አጸደቁት። አዲሱ ቋሚ እርጥበትና ምስጥ እንዳይስብ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈለት። በምስጥ የተበሉትን ሁለቱንም ለወጥናቸው። በነገሩ ላይ ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ የቤት ጣሪያ ሲከፈት ገንዘብ እንዴት እንደሚወጣ ቤት ያለው ሁሉ ያውቃል።

አቅጣጫውም ጉዳይ ነበረው። አሜሪካ ያለው ወንበር ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ወደ መንገድ ይወዛወዛል። የእኛ በረንዳ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ከሃያ ነው፤ እንደዚያ ብንሰቅለው ወደ ኋላ ሲሄድ ግድግዳውን፣ ወደ ፊት ሲመጣ የበረንዳውን አጥር ይመታ ነበር። ከፊትም ከኋላም ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አዞርነው፤ በበረንዳው ርዝመት፣ ፀሐይ ወደምትገባበት ጎን እየሄደ እንዲመለስ።

ስልኬ ላይ ያገኘኋቸው የውጭ አገር መመሪያዎች፣ ቀለበት ያለውን ቪቴ ከሥር ወደ አግዳሚው መሐል ቢያንስ ስምንት ሴንቲ ሜትር ማጥለቅ ይበቃል ይላሉ፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ቀድሞ ጠበብ ያለ ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳለታል። ለሽማግሌው አሳየኋቸው። «ደግ ነው» አሉ፤ «ግን ወደ ታች የሚጎትተውን ነገር ከታች አትያዘው። ከላይ ያዘው።» ዐሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን፣ ጫፉ ላይ ቀለበት የተበየደበት፣ ከሥር ገብቶ ጥዱን ቀጥ ብሎ ወጋው። ከላይ ሰፊ ሮንዴላ ገባለት፣ በሮንዴላው ላይ ዳዶ፣ በዳዶው ላይ ሌላ ዳዶ። ሁለተኛው ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ ይፈታል» አሉኝ።

ሰንሰለቱን ልገዛ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድሁ። ሻጩ ስምንት ሚሊ ሜትሩን እያንሿሿ «ዝሆን ይይዛል!» አለኝ። ዝሆን ሰቅሎ እንደሚያውቅ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ገዝቼ ስመለስ ሽማግሌው በጣታቸው እየቆጠሩ ዳበሱትና ሰባት ቀለበቶች ላይ ቆሙ። ብረቱ ታጥፎ ጫፍና ጫፉ ገጥሟል እንጂ አልተበየደም፤ ሲከብደው ቀስ እያለ ይከፈታል። በማግስቱ መልሼ ወሰድሁት። ሻጩ ተናደደብኝ፤ ቢሆንም የተበየደውን ሰጠኝ። በልጅነቴ በየሱቁ የማውቀው ክፍት መንጠቆም አልተፈቀደልኝም፤ ወንበሩ ሲነጥር ሊያመልጥ ይችላል። አፉ በቡሎን የሚዘጋ ማያያዣ ገባ።

ቀሪው የምቾት ነገር ነው። ቀለበቶቹ ከወንበሩ ስፋት በአራት ጣት ያህል ሰፍተው መሰቀል አለባቸው፤ ሰንሰለቱ የተቀማጩን ክንድ እንዳይፍቅ። መቀመጫው ከወለሉ አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ፤ ከዚያ ከበለጠ የእናቴ እግር መሬት አይነካም። የፊቱ ሰንሰለት ትንሽ አጠር ይላል፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ጋደም ብሎ ሰውን እንዲያቅፍ እንጂ እንዳያንሸራትት። በመጨረሻም ኮርኒሱ ተመልሶ ተዘጋ፤ ቀለበቶቹ ብቻ ወጥተው ታዩ። አሁን ለሚያይ ሰው ሁሉ ወንበሩ ከቺፕውድ ላይ የተሰቀለ ይመስላል።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ወንበሩ ተሰቀለ። ልጅቱ ሮጣ ልትወጣበት ስትል ሽማግሌው በእጃቸው አገዷትና «መጀመሪያ ሲሚንቶ ይቀመጥበታል» አሏት። ሳቀች። ቤት ከሚያሠራ ጎረቤታችን ባለ ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ ሰባት ተበደርን፤ ጧት ልንመልስ። መጀመሪያ አራቱን ጭነው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቡና ለቀቁት። ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ጥዱ አንድ ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ዝም አለ። «ቦታውን እየያዘ ነው» አሉ። ከዚያ ሰባቱንም ደረደርንበት፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ። ባዶውን ከወለሉ አርባ ሰባት ሴንቲ ሜትር የነበረው አርባ አምስት ሆነ። «ይደር» ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ።

አላደረም እኔ እንጂ። ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥቼ በስልኬ መብራት ለካሁ፤ አርባ አምስት። ስምንት ሰዓት ላይ ለካሁ፤ አርባ አምስት። ዐሥር ሰዓት ላይ ስወጣ እህቴ ጋቢ ተከናንባ በረንዳው ደፍ ላይ ተቀምጣለች። የእርሷ ሰዓት ገና ከአሜሪካ አልተመለሰም ነበር።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

«አርባ አምስት።»

ሰባቱ ከረጢቶች በጨለማው ውስጥ እንደ ተቀመጡ ሰዎች ይታዩ ነበር። ከጎኗ ተቀመጥሁ። «ከዛፍ ወደቅሁ ብለሽ ነው የነገርሻት» አልሁ።

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«እኔ ነኝ በያት። እኔ ገፋሁሽ።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው» አለች በኋላ። «ከአጥሩ በላይ የአስፋልቱን መኪናዎች አየሁ። ከዚያ በፊት አጥሩን አልፎ አይቼ አላውቅም ነበር። ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ አንተ እያለቀስክ ነው ተሸክመኸኝ የገባኸው።»

ይህን አላስታውስም ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ ቃሉ ሃያ አራት ዓመት ከተዘጋበት ሲወጣ የሚያስፈራ ድምፅ ይዞ ወጣ፤ እህቴም ጎባጣ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ «እሺ፣ እሺ፣ እማዬን ታስነሣታለህ» አለችኝ።

ሲነጋ ለካሁ፤ አርባ አምስት። ሲሚንቶውን አውርደን ለባለቤቱ መለስን። ሁለተኛው ፈራሚ ሆኜ መጀመሪያ እኔ ልቀመጥበት ወስኜ ነበር፤ የሲሚንቶውን ብናኝ ከእጄ ታጥቤ ስመለስ ግን እህቴ ልጇን ከጎኗ አድርጋ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ምሰሶውን ተደግፈው ቆመዋል። እናቴ ከበሩ ላይ ታያለች።

«ግፋን» አለችኝ።

ከኋላቸው ቆሜ መደገፊያውን በሁለት ጣት ነካሁት። ወንበሩ አንድ ስንዝር ያህል ሄዶ ተመለሰ።

«ጨምር» አለች እህቴ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«ጨምር አጎቴ!» አለች ልጅቱ፤ «ጨ» ላይ አፏ ተደናቅፎ።

ጨመርሁ። ሰንሰለቱ ቀለበቶቹ ላይ እየተንሸራተተ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። እኔ ኮርኒሱን እንጂ እነርሱን አላይም ነበር። እናቴ ከበሩ ላይ ድምፁን ሰምታ «ይኼ ነገር እስከ ገና እንዲህ ሊጮህብን ነው? አንዱ ዘይት ይቀባው እንጂ» አለችና ስኒ ልታቀርብ ገባች።